ደንበኛ ንጉሥ የማይሆንበት ባንኮኒ

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍ ከሥጋ ቤት እስከ ጸጉር ቤት፣ ከባንክ እስከ መኪና ማጠቢያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። መድኃኒት ቤትም ከገባ ቆይቷል። ፈቃድ አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ መደርደሪያ አሠርቶ በአዲስ አበባ ትንሽ ፋርማሲ የሚከፍት ወጣት ፋርማሲስት መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ሁሉ ከዚሁ ጽሑፍ የተቀዳ ነው። ቀድሞት የከፈተው የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ የጅምላ አከፋፋዩ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ገንዘቡን ያበደረው አጎቱ ተመካክረው የመጡ ይመስል አንድ ነገር ይነግሩታል፦ ሆስፒታል በር ላይ ክፈት፤ የጠየቁህን ስጥ፤ ማዘዣ አምጡ እያልክ ሰው አትመልስ፤ መድኃኒቱ ካላዋጣህ ቅባትና ሽቶ ጨምርበት፤ ከጎረቤትህ ጥቂት ብር ቀንስ፤ ካልሆነም ቲክቶክ ላይ ውጣ።

ምክሩ ክፋት የለበትም። የተሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ሁሉም ምክሮች የሚቆጥሩት ዛሬ በሩን የረገጠውን ሰው ነው። ባለ አንድ በር፣ ባለ ሁለት ሠራተኛ ፋርማሲን የሚያኖረው ግን ባለፈው ወር መጥቶ በዚህ ወርም የተመለሰው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ በቦታም፣ በቅናሽም፣ ለጠየቀው ሁሉ «እሺ» በማለትም ማምጣት አይቻልም። እንዲያውም ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ይህንኑ ሰው የሚያርቁ ናቸው።

ከቦታው እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እሱ ላይ ነውና። በጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስ፣ በዘውዲቱ፣ በምኒልክ ሆስፒታሎች አካባቢ ፋርማሲዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘ መድኃኒት በወረቀት ተጽፎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወረቀቱን የያዘው አስታማሚም መጀመሪያ ያየው በር ይገባል። ይህ አስታማሚ ማን እንደሆነ ግን ምክር ሰጪዎቹ አይጠይቁም። ከጅማ ወይም ከደሴ ወይም ከነቀምት ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው ነው። መድኃኒቱን ገዝቶ ወደ አልጋው ይሮጣል፤ ሕመምተኛው ሲሻለው አብረው ወደ አገራቸው ይገባሉ። የፋርማሲውን ስም አያውቀውም፣ ለማወቅም ምክንያት የለውም። በከተማው ውድ ከሚባሉት ኪራዮች አንዱ የሚከፈለው እንግዲህ ዳግም ለማይመጣ ሰው ነው። ያውም ተፎካካሪው ከጎን ያለው ሱቅ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በሆስፒታሉ ግቢ ያለው የማኅበረሰብ ፋርማሲም፣ የከተማው አስተዳደር ከነማ ፋርማሲም፣ የቀይ መስቀል ፋርማሲም ከዚሁ ሰው ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል።

ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ግን ሌላ ዓለም ናት። ነዋሪው እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይነሣል። ጡረታ የወጡት አባት ግፊት አለባቸው፣ ጎረቤታቸው ስኳር፣ የሦስተኛ ፎቁ ልጅ አስም። እነዚህ ሰዎች ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ነው፤ መድኃኒት የሚገዙት ግን በየወሩ፣ ብር ሲያጥራቸው ደግሞ በየሳምንቱ ነው።

ሒሳቡን በግምት መሥራት ይቻላል። ለአንድ ሰሞን ሳል አሞክሲሲሊን የገዛ ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢመጣ ነው። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው በዓመት 12 ጊዜ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። አንድ ፋርማሲ እንዲህ ያሉ 200 ሰዎች ቢይዝ በዓመት 2,400 ምልልስ ማለት ነው፤ ዓመቱን 300 የሥራ ቀን ብንለው በየቀኑ 8 ሰው፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ቅናሽ። ከእነሱ ጋር የልጅ ልጃቸው ትኩሳት፣ የቤት ሠራተኛቸው ራስ ምታት፣ የጎረቤታቸው ቃር ተከትሎ ይመጣል።

ችግሩ እነዚህ 200 ሰዎች አለመቆየታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ በድሃ አገሮች ከዚያም ያንሳል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ደም ግፊት ሲጽፍ በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ገደማ አዋቂዎች ግፊት እንዳለባቸው፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ግን ከአምስቱ የአንዱ ብቻ እንደሆነ ገልጿል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ባለፋርማሲው ደንበኛ ሲጠፋበት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ንጹሕ ነው። ሰውየው ቤቱ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱን አቁሟል፤ ማንም ምነው ብሎ አልጠየቀውም።

ለምን አቆመ? ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ የቆመ ሰው መልሱን ከማንም በላይ ያውቃል፣ ቢጠይቅ። የግፊት መድኃኒቱ ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ የሚወስደው ሰው ግን ሳሉን ከብርዱ ይቆጥረዋል። ሌላው የግፊት መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው ደግሞ ይህን አይችለውም፣ ስለዚህ ክኒኑን ይዘላል። አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ ከተወሰደ ሆድ ያውካል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ተሻለኝ» የሚል አለ፤ ግፊት እንደ ቁስል የማይታይ በመሆኑ ራስ ምታቱ ሲተው በሽታውም የተወው ይመስለዋል።

አሁን ከእነዚህ አንዱን ይዘን «የጠየቁህን ስጥ» የሚለውን ምክር እንፈትነው። ኤናላፕሪል የሚወስዱ እናት ገብተው «ልጄ፣ የሳል ሽሮፕ ስጠኝ» አሉ። ንጉሥ ናቸውና ሽሮፑ ተሰጣቸው። አልተዋቸውም፤ በሳምንቱ ተመልሰው ጠንከር ያለ ጠየቁ፤ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። ሁለት ሽያጭ ሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ ገባ። ከዚያ እናትየዋ የዚያ ቤት መድኃኒት አይሠራም ብለው ለጎረቤት ተናገሩ፣ ሌላ ቤት ሄዱ። ሌላው ቤት ያለው ፋርማሲስት «እማማ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅና በማስታወሻ ወደ ሐኪማቸው ቢልካቸው፣ የግፊቱ መድኃኒት ተለውጦ ሳሉ ሲቆም፣ እኚህ ሴት እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ የዚያ ቤት ደንበኛ ናቸው። ሽሮፑን ያልሸጠው አተረፈ። የጉልበት ሕመም አለብኝ ብለው ዲክሎፌናክ የሚጠይቁ የግፊት ሕመምተኛ ጉዳይም ከዚህ አይለይም፤ መድኃኒቱ ግፊቱን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል የነገራቸው ሰው ዛሬ አንድ እሽግ ያጣል።

የተቃራኒው ወገን የማይረታ የሚመስል አንድ መልስ አለው፦ «እኔ ባልሰጣት ከመንገዱ ማዶ ያለው ይሰጣታል።» እውነት ነው፣ ይሰጣታል። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም አጥኚዎች ሕመምተኛ መስለው እየገቡ ባደረጓቸው ጥናቶች አንቲባዮቲክን ያለ ማዘዣ መሸጥ የተስፋፋ ልማድ መሆኑ ታይቷል። ነገር ግን መልሱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ከማዶ ያለውም፣ ከጎን ያለውም፣ ከታች ያለውም የሚሰጧት ከሆነ በመስጠት ማንም ማንንም ሊበልጥ አይችልም። ሁሉም የሚያደርገው ነገር የማንም መለያ አይሆንም። አምስቱም ሱቆች ሲፕሮፍሎክሳሲንን በፍሬ እየቆረጡ በሚሸጡበት ሰፈር ልዩ ሆኖ የሚታየው ስድስተኛው፣ ምክንያቱን አስረድቶ የማይሸጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «ማዘዣ አምጪ» ብሎ ፊት ማዞር እንቢታ እንጂ ሙያ አይደለም። አንዲት ወጣት እናት «ዶክተር፣ ባለፈው የሰጠኸኝን አሞክሲሲሊን ስጠኝ፣ ልጁን አስቀመጠው» ብላ ትገባለች እንበል። (ፋርማሲስቱን «ዶክተር» ማለቷ ስህተት ቢሆንም የምትፈልገውን በትክክል ይናገራል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ፋርማሲ የከፈተው ጆርጂያዊው ሜራብም ሐኪም ነበር።) ሙያውን የሚያውቅ ሰው «እህቴ፣ ስንት ቀን ሆነው? ደም አለው? ይጠጣል?» ይላታል። ደም ከሌለውና ልጁ ከጠጣ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ነው፤ ሁለቱም ማዘዣ አይጠይቁም። አበጣበጡን ያሳያታል፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካየች ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ይነግራታል፤ ስልኳን ይቀበልና በማግስቱ ይደውልላታል። ሴትዮዋ ባዶ እጇን አልወጣችም። ፋርማሲውም ያለ ሽያጭ አልዋለም። በማግስቱ የተደወለላትን ስልክ ደግሞ ቡና ላይ ታወራዋለች።

ሕጉና የጤና አደጋው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ግን ሊታለፉም አይገባም። አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚታደል መድኃኒት ነው፤ ባለሙያው ፈቃዱን አደጋ ላይ ጥሎ ነው የሚሸጠው። ላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሰፊ ጥናት መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ገምቷል፤ ሸክሙ ከሁሉም የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው። ዛሬ በሁለት ፍሬ የተሸጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነገ ለዚያው ሰፈር ልጅ የማይሠራ መድኃኒት ይሆናል።

አለመሸጥ ንግድን ይገድላል የሚል ሰው ካለ የሲቪኤስን ነገር ያስብ። ይህ የአሜሪካ ግዙፍ የፋርማሲ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጋራ መሸጥ አቆመ፤ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሽያጭ አውቆ ተወ። በእርግጥ ከመደርደሪያ ከሚሸጡ ዕቃዎች የሚገኘው ገቢ ለጊዜው ቀነሰ፤ የኩባንያው ጠቅላላ ገቢ ግን በዚያው ዓመት አደገ። እድገቱ ከሌሎች ሥራዎቹ የመጣ በመሆኑ ሲጋራ መተው ሀብታም አደረገው ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው ፋርማሲ የማይስማማውን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዶም መቆም እንደሚችል ነው። ስለ ቅባቱና ስለ ሽቶውም ከዚህ የተለየ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ሽቶ ሱቅ በየሰፈሩ አለ። ፊት ለማቅላት ተብሎ የሚሸጥ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት ደግሞ ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት ነው፤ ፋርማሲስት እያወቀ ለዚህ ሲሸጠው ከጉልት ነጋዴ የሚለየው ነጭ ጋዋኑ ብቻ ነው።

የዋጋ ጦርነት የትንሽ ሱቅ ጦርነት ሆኖ አያውቅም። እንግሊዛዊው ጄሲ ቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኖቲንግሃም ውስጥ የእናቱን ትንሽ የዕፀዋት መድኃኒት ሱቅ ይዞ ሲነሣ፣ ሌሎች በትንሽ መጠን በውድ የሚሸጡትን ለመድኃኒት የሚያገለግል ጨው በቶን ገዝቶ በርካሽ ቸበቸበው፤ ቡትስ የተባለው ሰንሰለት ከዚያ በቀለ። ምሥጢሩ ቶኑ ነው። በቶን መግዛት የማይችል ሰው በርካሽ ልሽጥ ሲል ከራሱ ኪስ ነው የሚቀንሰው። በአዲስ አበባ የቶኑ ባለቤቶች የታወቁ ናቸው፤ የከተማው አስተዳደር ከነማ ፋርማሲዎችና ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዙት የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን ሲሻገር፣ የውጭ መድኃኒት መግዣው ወዴት እንደሄደ ማንም ባለፋርማሲ ያውቃል። በዚህ ላይ ከጎረቤት ሁለት ብር መቀነስ ደንበኛው ሳያስታውሰው የሚያልፍ መሥዋዕትነት ነው።

ደንበኛው የሚያስታውሰው ሌላ የዋጋ ነገር ግን አለ። «የጀርመኑን ስጠኝ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ያው ንጥረ ነገር፣ በዚያው መጠን፣ የተመዘገበና በርካሽ የሚገኝ የህንድ ወይም አዲግራት ወይም አዲስ አበባ የተሠራ እንዳለ መንገር። በዚያች ዕለት የትርፉ መጠን ይቀንሳል። ሰውየው ግን ወጪው በወር ሊችለው የሚችለው ስለሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ውድ ገዝቶ በሦስተኛው ወር ካቆመ ደንበኛ፣ ርካሽ እየገዛ ዐሥር ዓመት የሚመጣ ደንበኛ እንደሚሻል ለአጎቱም ቢሆን ማስረዳት አይከብድም።

«የለም» የሚባለው መልስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያባርር ነው። አንድ ፋርማሲ ሁሉን መድኃኒት ሊይዝ አይችልም፤ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዘመን ትልልቆቹም አይችሉም። ነገር ግን ደንበኛውን «የለም» ብሎ ወደ ፀሐዩ መመለስና «እኔ ዘንድ የለም፤ ቆይ ልደውል፤ እገሌ ፋርማሲ አለ፣ ያስቀምጡልሃል» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስልክ አለ። በቴሌግራም እርስ በርስ የሚጠያየቁ ባለሙያዎች አሉ። በምላሹም ሌላው ፋርማሲ ደንበኛ ይልካል። ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ተፎካካሪን መጥቀም ሞኝነት የሚመስለው የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ለሚታየው ሰው ነው፤ ያ ደንበኛ ግን ቀጥሎ ወረቀት ሲይዝ መጀመሪያ የሚያስበው የደወለለትን ቤት ነው። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን ነገር በድርጅት መልክ ያደራጁት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጋና ውስጥ የተመሠረተው ኤምፋርማ ለትናንሽ ፋርማሲዎች መድኃኒቱን አስቀምጦላቸው ገንዘቡን ሲሸጥ ይቀበላል፤ የትንሹ ሱቅ ጥሬ ገንዘብ መደርደሪያ ላይ አይታሰርም። የአዲስ አበባ ትናንሽ ፋርማሲዎች እንዲህ ያለ የጋራ ግዢ ለመጀመር የውጭ ድርጅት መጠበቅ የለባቸውም፤ እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚገለጥበት ወቅት ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ይደርሳሉ፤ ሑዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ብዙ አጥባቂ ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ ውኃም አይጠጣም። የስኳር ሕመምተኛው ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ጠዋት ውጦ ሲጾም ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል፤ ራሱን ስቶ የሚወድቀው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕመምተኛን ከጾም ይፈታሉ፤ ሰው ግን አይፈታም፤ ይጾማል፤ ለማንም ሳይናገር የጠዋቷን ክኒን ይዘላታል፤ ከዚያም ለመድኃኒቱ ያለውን ልማድ ያጣና በፋሲካ ማግስት ሳይመለስበት ይቀራል። ጠበል የሚሄዱትም እንደዚሁ ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉት መድኃኒታቸውን አቁመው ይሄዳሉ።

ከዐቢይ ጾም መግቢያ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ «አባባ፣ ዘንድሮ ይጾማሉ? እንግዲያውስ ሐኪምዎ ዘንድ ብቅ ብለው ሰዓቱን ያስተካክሉልዎት» የሚል ፋርማሲስት ምንም አልሸጠም። አልከለከለምም፤ አልገሠጸምም። ለጠበል ተጓዡም «መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ፣ ለአንድ ወር የሚሆን ላስቀምጥልዎት» ማለት ይቻላል። ይህን ጥያቄ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን የሩቅ ኩባንያ ስልክ መተግበሪያ አይጠይቅም፤ ሆስፒታል በር ላይ ያለው ፋርማሲም አይጠይቅም፣ ሰውየውን አያውቀውማ። የትንሽ የሰፈር ፋርማሲ ብልጫ ያለው እዚህ ነው፣ የሚያስገርመውም ብዙዎቹ ይህን ብልጫ ጥለው በሌላው ሜዳ ለመጫወት መሮጣቸው ነው።

ሌላው የተናቀ ነገር ጆሮ ነው። ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከኋላ ሦስት ሰው ቆሟል። አንዲት ወጣት ፖስት ፒል ልትጠይቅ ገብታ ከኋላዋ የሰፈሯን ሴት አይታ ማስቲካ ገዝታ ትወጣለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ ያለበት ነው፣ በቶሎ ሲሆንም ይሻላል። የአባላዘር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙና በሽታው ባንኮኒ ላይ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ዳግም አይመለስም፤ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ የማያውቁት ሰፈር ሄዶ ይገዛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በፋርማሲ ረገድ ግን ሕመምተኛው እንዲደብቅ ያስገደደው ባንኮኒው ነው። ከመደርደሪያው ጥግ በመጋረጃ የተከለለች አንድ ወንበር ከአንድ ሰሞን የቲክቶክ ማስታወቂያ ዋጋ አትበልጥም። በነገራችን ላይ በማዘዣ ብቻ የሚታደል መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቲክቶኩ ላይ የሚባለው ነገር ከሥራ ሰዓትና ከአድራሻ ብዙም አይዘልም።

ይህ ሁሉ ደግነት እንጂ ንግድ አይደለም የሚሉ አሉ። የሌላ አገር ልምድ እንዲህ አይልም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ስኳር ላለባቸው ሠራተኞቹ የሰፈር ፋርማሲስቶችን ለክትትል ክፍያ እየከፈለ አሠማራ። ፋርማሲስቶቹ በቀጠሮ ተቀምጠው ያነጋግሩ ነበር፤ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ፣ እግር እንዴት እንደሚመረመር። የሠራተኞቹ የስኳር መጠን ተሻሻለ፣ ከሥራ የሚቀሩባቸው ቀናት ቀነሱ፣ ለመድኃኒት የወጣው ወጪ ቢጨምርም ጠቅላላ የሕክምና ወጪው ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ52 ጸጉር ቤቶች 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ፤ ፋርማሲስቱ ጸጉር ቤቱ ድረስ ሄዶ ግፊታቸውን እየለካ፣ ከሐኪሞቻቸው ጋር ተስማምቶ መድኃኒት እያስተካከለ ከረመ። ከስድስት ወር በኋላ ላይኛው የግፊት ቁጥር ፋርማሲስት በተመደበላቸው በአማካይ 27 ሲወርድ፣ ጸጉር ቆራጩ ብቻ በመከራቸው የወረደው 9 ገደማ ነበር። ሰዎቹን የያዛቸው የሚያምኑት ወንበርና የሚያውቃቸው ባለሙያ ነው።

አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው ፒልፓክ የተባለ ኩባንያ መነሻው አንድ ቀላል ሐሳብ ነው፦ ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የጠዋቱን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ እያሸገ በየወሩ መላክ። የፈጠረው ሰው የፋርማሲስት ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ለማድረግ ወረቀት ፖስታና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ማንበብ ለማይችሉ እናት ደግሞ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ መሣል ይቻላል።

አንድ ክስ ግን እውነት አለው፤ ሊሸሽም አይገባም። የአሽቪል ፋርማሲስቶች ላነጋገሩበት ጊዜ ተከፍሏቸዋል። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ገቢ ከሚሸጠው እሽግ ላይ ካለ ትርፍ ውጭ ምንጭ የለውም፤ ያነጋገረም ያላነጋገረም እኩል ነው፣ እንዲያውም ያላነጋገረው ብዙ ሰው ያስተናግዳል። የመሸጥን ልማድ የወለደው የባለሙያው ስግብግብነት ብቻ ሳይሆን ይህ አከፋፈልም ነው። የኪራዩ ቀንም መዝገቡ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ 200 ቋሚ ሰው ማፍራት ወራት ሳይሆን ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ነው ሆስፒታል በር ላይ ከሚፈሰው ኪራይ ግማሹን የሚያስከፍል ሰፈር መምረጥ የሚሻለው፤ የተረፈው ግማሽ እስከዚያ ድረስ መቆያ ስንቅ ነው።

መሣሪያውም ውድ አይደለም፦ የግፊት መለኪያ፣ ጓደኛ ሳይሆን ሙያተኛ የሆነ አንድ ረዳት፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ የሚያድር መዝገብ። በመዝገቡ ላይ ስም፣ ስልክ፣ መድኃኒቱ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ይጾማል ወይስ አይጾምም። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ ሲደራረብ የሚጠፉት እነማን እንደሆኑ የሚታወቀው ነሐሴ ላይ የተጻፈውን ከፍቶ በማየት ነው፤ ለእነሱ ደውሎ «ለሁለት ሳምንት የሚሆነውን ይውሰዱ፣ ቀሪውን ደመወዝ ሲገባ» ማለት ዱቤ የሚያውቅ የሰፈር ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የጤና መድን ተቋማት ደግሞ ግፊትና ስኳር በክትትል ሲያዙ ከሆስፒታል አልጋና ከኩላሊት እጥበት የሚድነውን ገንዘብ አስልተው ለዚህ ክትትል በነፍስ ወከፍ መክፈል ቢጀምሩ፣ ውል ሊፈራረሙ የሚችሉት እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘው ከሚጠብቁ ፋርማሲዎች ጋር ነው፤ በሩን የረገጠውን ብቻ የቆጠረው ባለፋርማሲ በዚያን ቀን የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።